ግማሽ ኮከብ በአድሊስቪል

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ ለቃለጽድቅ፦

እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ? ክረምቱን «ወርቃማው ክር እያቃጠለኝ ነው» ብለሽኝ ነበር፤ ተሻለው? እናትሽ ትርፍነሽ፣ ያቺ ቁጡ እህቴ፣ ጉልበቷ ደረጃውን ይወጣላታል? ወንድምሽ ስምዖንስ ዛሬም ገላውን እየታጠበ ሲዘምር ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል? የጉለሌ የጥቅምት ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ለክፉ አልሰጥም። ጉልበቴን ያመኛል፤ ምላሴን ግን አላመመኝም፤ ችግሩም እሱ ነው።

ስደውል አታነሺም። መልእክት ስልክልሽ እንዳነበብሽው ያሳየኛል፤ መልስ ግን የለም። ስለዚህ እንደ ጥንቱ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ይህን የምታደርስልሽ ዲቦራ ናት፤ እዚህ ጄኔቫ ከእኔ ፎቅ በታች የምትኖረው ነርስ። አንብበሽ እስክትጨርሺ ከፊትሽ እንዳትነሳ አደራ ብያታለሁ፤ ሻይ አፍይላት፣ ትዕግሥተኛ ናት።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ አልሰለምኩም። ስሜም ከማል አይደለም። ባለፈው ወር «ጋሼ፣ እውነት ነው የሚሉት?» ብለሽ ስትጽፊልኝ «እውነት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ከማል በይኝ፤ ለአረፋ በጉን እንዳትረሺ» ብዬ መመለሴ ቀልድ ነበር። ትስቂያለሽ ብዬ ነው። ትርፍነሽ በኋላ ስትነግረኝ፣ አንቺ የጀመርሽውን የመቅደስ መጋረጃ አጣጥፈሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽበት ሁለት ቀን እንዳለቀስሽ ሰማሁ። እኔም ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ላንሲ ባለችው ትንሽ ወጥ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እንግዲህ ከመነሻው ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

እስከ ዛሬ ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል ያለው መቅደሳችን ምን እንደሚመስል ነግሬሽ አላውቅም። አፍሬ ነው። የካፖርት መስቀያ ነበር፣ ጎማ ያለው። የአገሬው ፕሮቴስታንቶች አዳራሻቸውን እሑድ ከሰዓት በኋላ ያከራዩናል፤ እኛም ከመግቢያው መስቀያውን እየገፋን እናመጣና ያንቺን የድሮ መጋረጃ እናንጠለጥልበታለን፤ ከዚያ ወዲህ ምእመናን፣ ከዚያ ወዲያ መቅደስ። እግዚአብሔር ትሑት ነው፣ ገብቶበታል። አንድ እሑድ ግን ቅዳሴው መሃል ጎማው ተንሸራተተና መቅደሱ በዝግታ ወደ ወጥ ቤቱ ጉዞ ጀመረ። ዲያቆኑ በእግሩ ያዘው። እኔ ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን ነከስኩ፤ የማኅበራችን ሰብሳቢ ወይዘሮ ኂሩት እስከ ፋሲካ ድረስ ሰላም አላለችኝም።

አምና የአዳራሹ ባለቤቶች አዘኑልንና ከጎን ያለችውን ክፍል ለሁልጊዜ ተጠቀሙባት አሉን። ሕንጻውን የምትጠብቀው ሴትዮ፣ እዚያ ዚግሪስት የሚሏት፣ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀች፦ ግድግዳው ላይ ምንም ዓይነት ሚስማር እንዳይመታ። ታዲያ መቅደሱን ከምእመናን የሚለይ የእንጨት መከለያ ያለ ሚስማር ምን ይዞ ይቆማል? ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር የማውቀው፤ እንድሪስ።

እንድሪስን ስሙን ስጠራልሽ ነው ያደግሽው። የወረኢሉ ልጅ ነው፤ ስደተኛ ሆነን ስንመጣ አንድ ክፍል ውስጥ የተኛን፣ እኔ ሳንኮራፋ እሱ የሚያንኮራፋ። ጡረታ እስኪወጣ ኡስተር በምትባል ከተማ በአንድ የበርና መስኮት መሥሪያ ቤት ሠርቷል። ስለ ሥራው ሲያወራ መጋዝ ራሱ ይደክመዋል። እኔ ነኝ የለመንኩት። ቄሳችን አባ ኅሩይም ተጠይቀው «ሳይባረክ እንጨት እንጨት ነው፤ ከተባረከ በኋላ ያለውን ለእኛ ተዉልን» ብለው ፈቀዱ። እንድሪስ ግን ፊቱን አዞረ። «የእናንተ ሰዎች ነገ አንድ ነገር ቢወድቅ የእኔ ጅኒ ነው ይላሉ» አለኝ።

እኔ ደግሞ እንደምታውቂው ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል በር ላይ ቢቀርም መጽሐፍ ያገኘሁበት ቦታ ሁሉ እተኛለሁ። የላንሲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥዕል ያለበት ወፍራም የፈረንሳይኛ መጽሐፍ አግኝቼ፣ መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ አድርጌ የዚህን አገር የበረዶ ወራት ሙሉ ስታገለው ቆይቻለሁ። የስፔን ነገር ነው። በድሮ ዘመን የክርስቲያን ነገሥታት ከተሞቹን አንድ በአንድ ሲይዙ፣ እዚያ የነበሩት ሙስሊሞች ሁሉ አልሄዱም። «ሃይማኖታችሁን ያዙ፣ ግብራችሁን ክፈሉ፣ ተቀመጡ» ተባሉ። ሙደሐር ይሏቸዋል፤ እንዲቀር የተፈቀደለት እንደ ማለት ነው ይላል መጽሐፉ። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ሸክላ ሠሪው እነሱ ነበሩ። አዲሶቹ ጌቶች ቤተ ክርስቲያን ሲያሻቸው እነሱን ጠሩ። እነሱም አያቶቻቸው መስጊድ በሠሩበት እጅ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ የደወሉን ግንብ እንደ ሚናሬት አራት ማዕዘን አድርገው በጡብ አቆሙት፣ አረንጓዴና ነጭ ሸክላ እንደ አንገት ጌጥ አሰሩለት፤ ጣራውን በእንጨት ኮከብ ሸፈኑት።

ይህን ለእንድሪስ ሳነብለት «እንዲቀር የተፈቀደለት» አለ። ሁለታችንም የመኖሪያ ፈቃድ ስንጠብቅ ያሳለፍነው ዘመን ትዝ አለን። እኔ ጄኔቫ ፐርሚ እያልኩ፣ እሱ ዙሪክ አውስቫይስ እያለ፣ ያንኑ አንድ ወረቀት የጠበቅንበት ዘመን። «ጣራውን ሳላይ አልሞትም» አለኝ።

ሐምሌ ላይ ልጄ ዮርዲ ለዕረፍት ወደ ስፔን ስትነዳ ሁለታችንን ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ሻንጣ ጫነችን። አራጎን የሚባለው አገር ደረስን፤ ቀይ አፈር፣ ደረቅ ኮረብታ፣ ከሩቅ ሲያዩት ወሎ ቆላው ውስጥ የገባሽ ይመስልሻል። የከተማይቱን ስም ዮርዲ ነው የምታውቀው፤ እኔ ስጠራው ምላሴ ይተኛል። ግንቡ ግን በእኩለ ቀን ፀሐይ ሸክላው እያብለጨለጨ፣ ጡቡ እየተጠላለፈ፣ የሆነ ሰው አየር ላይ ጥልፍ የጠለፈ ይመስል ነበር። አንቺን ነው ያሰብኩት።

በሩ ላይ ስደርስ እንደ ልማዳችን ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። እንድሪስም አወለቀ። ጎን ለጎን አስቀመጥናቸውና ልንገባ ስንል ጠባቂው እጁን እያወናጨፈ መጣ። ዮርዲ ከእኔ አማርኛ ወስዳ፣ ከእናቷ አማርኛ ወስዳ፣ የቀረውን በፈረንሳይኛ የምትሞላ ልጅ ናት፤ «አባዬ፣ ሰውዬው ይሄ ሞስኬ አይደለም ይላል። ኤግሊዝ ነው ይላል። ጫማ ልበሱ ይላል» አለችኝ። «ንገሪው» አልኳት፣ «ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው ያወለቅኩት።» ነገረችው። ሰውዬው አሰበና ወደ እንድሪስ ጠቆመ፤ እሱስ? እንድሪስ ራሱ መለሰ፦ «ቤቱ የእነሱ ነው፤ እንጨቱ ግን የእኛ ነው በዪው።» ዮርዲ ይህን ስትተረጉም ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ጠባቂው እኔን አየ፣ እንድሪስን አየ፣ ከዚያ የገዛ ጫማውን አየ። ያወልቅ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። አላወለቀም፤ ግን መንገዱን ለቀቀልን።

ቃልዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ! ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነበር። ቀና ስል መጀመሪያ ምንም አላየሁም፤ ከዚያ ዓይኔ ሲለምድ ጣራው ቀስ ብሎ ወረደልኝ። አንዱ መስመር ተነስቶ ይሄዳል፣ ሌላውን ያቋርጣል፣ ይታጠፋል፣ ኮከብ ሠርቶ ያልፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። የት እንደጀመረ አታገኚውም። አንገታችን ሲደክም ሁለት ሽማግሌዎች በባዶ እግራችን ወለሉ ላይ በጀርባችን ተጋደምን። ዮርዲ የማታውቀን መስላ ወደ ሌላው ጥግ ሄደች።

ያን ጊዜ ነው ይምርሐነ ክርስቶስ ትዝ ያለኝ። አገር ቤት የመጣሁ ጊዜ አብረን የሄድን ጊዜ፣ አንቺ ገና የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሳለሽ። ዋሻው ውስጥ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ነበር፤ አንቺም ምንጣፉ ላይ ተጋድመሽ የእንጨቱን ጣራ፣ ያንን የተጠላለፈ ቋጠሮና ኮከብ ስታዪ ቄሱ በመቋሚያቸው ጎንሽን ነካ አድርገው «ተነሺ፣ እዚህ አይተኛም» ሲሉሽ «አልተኛሁም አባ፣ ቋጠሮው የት እንደሚፈታ እየፈለግኩ ነው» ያልሻቸው። እኔ ሳቄን እንዴት እንዳፈንኩት! ያንን ጣራ ማን እንደሠራው አላውቅም፤ የማያውቁትን መናገር የእኔ ፋንታ አይደለም። ግን ስፔን መሬት ላይ ተጋድሜ ሳየው፣ ሁለቱ ጣራዎች በመንገድ ላይ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳሙ ነበር ብዬ አሰብኩ።

እንድሪስ በድንገት ተነስቶ ወደ አንድ ተሸካሚ እንጨት ጠጋ አለ። በጥግ በኩል የደበዘዘ የዐረብኛ ጽሑፍ ነበር። እሱ በልጅነቱ ቁርኣን ቤት የተማረውን አልረሳም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ምን ይላል?» አልኩት። «ኢብራሂም ሠራው ይላል» አለ። «ሌላስ?» «ሌላ ምን ይበል?» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ከውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ነው ከብዙ ትውልድ በኋላ የሆነውን ያነበብኩለት፤ ሌላ ዘመን መጥቶ «ተጠመቁ ወይም ውጡ» እንደተባሉ፣ የተጠመቁትም ቆይቶ እንደተባረሩ። «ጣራውስ?» አለኝ። «ጣራው ቀረ፤ አየኸው» አልኩት። «መከለያችሁን እሠራለሁ» አለ። ዮርዲ ያን ጊዜ ነው ፎቶ ያነሳችን፤ ሁለታችን ባዶ እግራችንን፣ ከኋላችን ያ ሚናሬት የመሰለ ግንብ። ወይዘሮ ኂሩትን በኋላ አይታው «ከተማ ሰለመ» ያሰኛት ፎቶ ይህ ነው።

በፍልሰታ ጾም ሥራው ተጀመረ። እንድሪስ ኡስተር ካለው ጓደኛው ጋራዥ እንጨት እየቆረጠ በባቡር ያመጣል፤ እኔ ከጄኔቫ እየሄድኩ እሸከምለታለሁ፤ እሱም ይሰድበኛል። ምሳችንን አብረን በላን። ጾም ነውና ሥጋ የለም፤ ሥጋ ከሌለ ማን ባረከው፣ ማን አረደው የሚል ጣጣ የለም፤ ሽሮ የሁላችንም ነው። ቀትር ላይ በዚያ አገር ሕግ መዶሻ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ዚግሪስቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ስትመጣ፣ እንድሪስ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ ይሰግዳል፣ እኔ ወንበሮቹ ላይ አንቀላፋለሁ። እንጨቱ ያለ ሚስማር፣ አንዱ በሌላው ጥርስ ውስጥ እየገባ፣ ኮከብ ከኮከብ እየተሳሰረ፣ መሬት ላይ ተንጋሎ ተሠራ። ያኔ ሙደሐሮቹም ጣራቸውን መሬት ላይ ገጣጥመው ነው ያነሱት አሉ። ለማዕዘኑ ሁሉ የሚጠቀመው አንዲት ባለሦስት ማዕዘን የጥድ ቁራጭ ነበረች፤ ከእሷ ሌላ ምንም አይለካም።

መስከረም ላይ አቆምነው። ወይዘሮ ኂሩት ገባች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አየች። «ከተማ» አለችኝ፣ «እንግዲህ የቀረህ ሚናሬቱ ብቻ ነው!» እኔ መልስ ፍለጋ አፌን ስከፍት እንድሪስ ቀደመኝ። «እትዬ ኂሩት» አላት፣ «ኮከቡን ከየት ያመጣሁት ይመስልሻል?» «ከመስጊድ ነዋ!» አለች። እሱም ሄዶ የካፖርት መስቀያውን እየገፋ አመጣና ያንቺን የድሮ መጋረጃ ጠርዝ ገልጦ አሳያት። ከይምርሐነ ክርስቶስ መልስ የጠለፍሽው ያ ባለ ስምንት ጫፍ ቋጠሮ፤ እሱው ነው፣ አንድም አልጨመረም፣ አንድም አልቀነሰም። ስንት ዓመት ፊት ለፊቱ ሰግዳለች። ኂሩት መጋረጃውን በጣቶቿ ዳሰሰችው። ተሸንፌያለሁ የምትል ሴት አይደለችም፤ «ቃለጽድቅ ትፍረድ» አለች። «ልጅቱ ከእኛ ሁሉ ጥብቅ ናት። ለዚህ እንጨት መጋረጃ ከላከች አፌን እዘጋለሁ። ለኅዳር ጽዮን ካልደረሰ ግን እንጨቱ ምድር ቤት ይወርዳል፤ መስቀያችን ይበቃናል።» ኮሚቴውም በዚሁ ተስማማ። ያንኑ ማታ ነው ደውላ የመጋረጃውንም የፎቶውንም ነገር የነገረችሽ፤ አንቺም ለእኔ የጻፍሽልኝ፤ እኔም ብልጡ የቀለድኩብሽ።

ለእንድሪስ ስነግረው ያስቀዋል ብዬ ነበር። የያዘውን መላጊያ አስቀመጠ። «አንተ ሰው፣ በማን ሃይማኖት ነው የቀለድከው? በሷ ነው ወይስ በኔ?» አለኝ። «በሁለታችሁም መሰለኝ» አልኩት። «እንግዲያው ሁለታችንንም ይቅርታ ጠይቅ!» እሱ ከብዙ ሽሮ በኋላ ይቅር ብሎኛል። አንቺ ቀረሽ። ይቅርታ፣ ልጄ። ቀልዴ ሌላ ጊዜ ይሞቃል፤ ያን ቀን በረዶ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ በባቡር ወደ ዙሪክ ስሄድ ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ፣ ውሃው የቱ ሰማዩ የቱ እንደሆነ ጠፍቶኝ፣ መስኮቱ ላይ ጭንቅላቴን አስደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ሰዎች በጉሙ ውስጥ በባዶ እግራቸው በሐይቁ ላይ ይሄዳሉ። አንድ ትልቅ የእንጨት ጣራ በትከሻቸው ተሸክመዋል። ኮከቦቹ ወደ ታች ዞረው በውሃው ላይ ይታያሉ። ከፊት ያለው ቆመና «ፈቀዱልን፤ የት እናድርሰው?» አለኝ። አድራሻውን ኪሴ ውስጥ ስፈልግ የማገኘው ያንቺን ወርቃማ ክር ብቻ ነው፤ ስስበው አያልቅም። ሰዎቹም ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው ይጠብቃሉ። ድንገት አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ፈቃዴን የጠየቀኝ መስሎኝ የመኖሪያ ወረቀቴን አወጣሁለት፤ የባቡሩ ሰው ኖሯል፤ የፈለገው ትኬት ነበር። በርን የምትባለውን ከተማ አልፈን ነበር።

አድሊስቪል ስደርስ እንድሪስ መከለያው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሕልሜን ነገርኩት። ሕልም አይወድም። ክንዴን ይዞ ወደ መሃሉ አስጠጋኝና እስካሁን ያላየሁትን አሳየኝ። መስመሮቹ ከግራ እየተጠላለፉ ይመጣሉ፣ ከቀኝም ይመጣሉ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ድንገት ይቋረጣሉ። ትልቁ ኮከብ ግማሹ በዚህ ወገን፣ ግማሹ በዚያ ወገን ነው፤ መሃሉ ባዶ ነው፣ መጋረጃው የሚወርድበት ቦታ። «ረሳኸው?» አልኩት። «አልረሳሁም» አለ። «ከሷ ነው የወሰድኩት፤ መጨረሻውን ለሷ ተውኩላት። እሷ ካልጠለፈችው በእንጨት አልሞላውም።» ይህን ብሎ ያቺን ባለሦስት ማዕዘን ቁራጭ ከኪሱ አውጥቶ በመሐረብ ጠቀለላት። «ጨርቁ ላይ ታስቀምጣትና በጠመኔ ታስምር፤ የእኔ መስመርና የሷ መስመር ይገጥማሉ» አለኝ።

ዲቦራ አሁን የምትሰጥሽ ጥቅል እሱ ነው። ወደ አፍንጫሽ አስጠጊው፤ ጥዱ ገና አልደረቀም። ዲቦራ የምትመለሰው ለኅዳር ጽዮን ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ሻንጣዋ ውስጥ ለአንድ መጋረጃ የሚሆን ቦታ እንድትተው ነግሬያታለሁ። አላስገድድሽም። በልብሽ የማይሆን ከሆነ ቁራጩን መልሺልኝ፤ እኔ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእንድሪስ እንዳልሆነ ለሁሉም እናገራለሁ፤ መስቀያውንም ራሴ እየገፋሁ አመጣዋለሁ። ዓይንሽ ከደከመ ደግሞ ሌላውን ጌጥ ሁሉ ተዪው። መሃሉን ብቻ ጥለፊው፤ ከግራና ከቀኝ መጥተው በሩ ላይ የቆሙት እንዲገናኙ ያህል።

ለትርፍነሽ ጉልበቷን በጥንቃቄ ሳሚልኝ፤ ከማል ያልኩትን ጎረቤት ሳይሰማ እንድትረሳው ለምኛት። ለስምዖን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲዘምር፣ ሰላም በዪልኝ። ለአክስትሽ ለማራኪ፣ የላከችው በርበሬ እንድሪስን እንዳስለቀሰው ንገሪያት፤ ደስ ይላታል። እንድሪስ ሳያይሽ ሰላም ይልሻል። ወይዘሮ ኂሩትም ሰላም ብላሻለች፤ አልነግርሽም ብዬ ነበር፣ ግን ስትለኝ ዓይኗ መከለያው ላይ ነበር።

ስሙን ያልቀየረው አጎትሽ
ከተማ

ላንሲ፣ ጄኔቫ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.